የክረምት ኩሬ ሲደርቅ ሞተ አይባልም

«ውሃ ያቆረ መሬት ሁሉ የወባ መራቢያ ነው፤ ይድረቅ!» ይህን አባባል ብዙዎቻችን ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ጊዜ ለተማሪዎች ተናግረናል። ነገሩ ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ያሳስታል። እስቲ አብረን እንመርምረው።

የክረምት ኩሬ የምንለው በዝናብ ወይም በወንዝ ሙላት የሚሞላና በበጋ የሚደርቅ ውሃ ነው። ከጣራ ገዳም ደን ቁልቁል ወደ ጣና የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ለዚህ ትልቅ ምሳሌ ይሆነናል። በጉና ተራራ ላይ የጣለው ዝናብ በርብ ወንዝ ወርዶ ሜዳውን ያጥለቀልቃል። ሸሸርና ወላላ የተባሉት ረግረጎች የሚሞሉትም በዚሁ ሙላት ነው።

ታዲያ ምን ይኖርበታል? አንደኛ፣ አምባዛ በክረምት ከጣና ወደ ረግረጉ ወጥቶ እንቁላሉን ይጥላል። ጫጩቶቹ ጥልቀት በሌለው ሞቃት ውሃ ውስጥ ያድጋሉ። ሁለተኛ፣ ዘውድ የመሰለ ላባ በራሱ ላይ ያለው ረጅም እግር ወፍ እዚያው ይመገባል፤ በበጋ ደግሞ ከሰሜን አገሮች የሚመጡ ወፎች ይቀላቀሉታል። ሦስተኛ፣ ዓሣ በማይደርስበት ትንሽ ኩሬ እንቁራሪት ትራባለች፤ ልጆቿን የሚበላ ዓሣ የለማ! እንግዲህ መድረቁ ራሱ ለእሷ ጥቅም ነው ማለት ነው። በአገራችን ከ70 በላይ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዝርያዎች ሲታወቁ፣ ብዙዎቹ በሌላ አገር አይገኙም።

ኩሬው ሲደርቅም ሕይወቱ አያልቅም። የጥቃቅን ፍጥረታት እንቁላል በጭቃው ውስጥ ደርቆ ዝናብ ይጠብቃል። ጉዳቱ የሚመጣው ውሃው ያለጊዜው ሲያልቅ ነው። ውሃው ለሽንኩርት በሞተር ሲሳብ፣ ሽሹ ገና ሳይጠነክር ለሽንብራና ለጓያ ሲታረስ የአምባዛው ጫጩት መመለሻ ያጣል። ሸሸርና ወላላ በዚህ ምክንያት እጅግ ጠበዋል። ገበሬው ግን አይወቀስም፤ ቤተሰቡን የሚያበላው ከዚያው መሬት ነው። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል፤ ይሁንና በመዝገብ መስፈር ብቻውን ውሃ አያቆምም።

ወደ ወባው እንመለስ። በፎገራ ወባ እውነተኛ ጠላት ነው። ነገር ግን ትንኟ በይበልጥ የምትወደው ፀሐይ የሚመታውን ትንንሽ ውሃ ነው፦ የከብት ኮቴ የረገጠውን፣ ለጭቃ ቤት አፈር የተቆፈረበትን ጉድጓድ። በቤት አጠገብ ያለውን ይህን እንድፈን፤ አጎበርም እንጠቀም። ዓሣና ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ነፍሳት የትንኝ እጭ የሚበሉበትን ሰፊ ረግረግ ግን አብረን አናድርቅ። አስተማሪ ይህን ለይቶ ካልተናገረ ማን ይናገራል?

ለክፍል ሥራ፦ በሚያዝያ ከደረቀ ኩሬ አንድ እፍኝ አፈር አምጥታችሁ በጠርሙስ ውስጥ የዝናብ ውሃ ጨምሩበት። መስኮት አጠገብ አስቀምጡና ተማሪዎቹ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ያዩትን ይጻፉ። «ባዶ አፈር» ሲንቀሳቀስ ያየ ልጅ የኩሬን ነገር አይረሳም።

ለውይይት፦
1. ነገ በምንመደብበት ቀበሌ የትኛው ውሃ ይደፈን፣ የትኛው ይጠበቅ?
2. ገበሬው ሳይራብ ውሃው እስከ ወቅቱ እንዲቆይ ምን ዘዴ አለ? በጉና ተዳፋት ላይ ዛፍ መትከልስ ለሜዳው ረግረግ ምን ይጠቅማል?