አቡካዶ ከዛፉ ይዞት የሚመጣው ብስባሴ

ኩሌ በጋምቤላ ክልል፣ በኢታንግ ልዩ ወረዳ ያለ ቆላ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን ለመጡ ስደተኞች መጠለያ ከተቋቋመበት ወዲህ ብዙ ሕዝብ ይኖርበታል። ሕዝብ ባለበት ደግሞ ገበያ አለ። ከመቱ ወይም ከጎሬ አቡካዶ ጭነን በቡሬ በኩል ቁልቁል ብንወርድ፣ ጋምቤላን አልፈን ኩሌ እስክንደርስ ፍሬው ሙቀት ውስጥ ይገባል። ስንጭነው ጤነኛ የነበረው ከጥቂት ቀን በኋላ ጠቁሮ ይገኛል። ገዢ አይነካውም፤ የመኪናው ኪራይ ግን ይከፈላል።

ታዲያ ምን ነካው? ብዙዎቻችን ሙቀቱ ነው እንላለን። ሙቀቱ ብስባሴውን ያፋጥነዋል እንጂ አያመጣውም። በሽታው ከዛፉ አብሮን ወርዷል።

ስሙ አንትራክኖስ ይባላል። የሚያመጣው የሻጋታ ዓይነት ነው፤ ዘሩ በዓይን አይታይም። በደረቁ ቅርንጫፎችና በሞቱ ቅጠሎች ላይ ይኖራል። ዝናብ ሲዘንብ ከውኃው ጋር ተፈናጥሮ ፍሬው ላይ ያርፋል፣ ልጣጩ ላይ ተጣብቆ ይተኛል። ጥሬ አቡካዶ በልጣጩ ውስጥ ሻጋታን የሚገታ ነገር አለው። አቡካዶ እንደ ብርቱካን ዛፉ ላይ አይበስልም፤ የሚለሰልሰው ከተለቀመ በኋላ ነው። ሲለሰልስ ያ መከላከያው ይቀንሳል፤ የተኛውም ይነቃል። መጀመሪያ ክብ ጥቁር ነጥብ ይወጣል፣ ይሰፋል፣ ጎድጎድ ይላል። ፍሬውን ብንሰነጥቀው ከነጥቡ ሥር ሥጋው ቡናማ ሆኗል።

ሌላም አለ፤ ፍሬው ከተንጠለጠለበት ጭራ በኩል ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ብስባሴ። ይህኛው በጭራው ቁስል ይገባል። ስለዚህ ፍሬውን መንጭቀን አንቅጠፍ፤ ጭራውን ትንሽ አስቀርተን በመቀስ ወይም በስለታም ቢላዋ እንቁረጠው።

በዱላ አርግፎ መሬት ላይ መልቀም ሥራ ያቀላል፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን የተሰነጠቀ ልጣጭ ለሻጋታ በር ነው። ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ከረጢት አስረን ብናወርደው ይሻላል። ጤዛና ዝናብ ሳይደርቅ አንልቀም። ለቅመን ጥላ ሥር እናቆየው። ጆንያ ውስጥ የታጨቀ ፍሬ እርስ በርሱ ይፋጫል፣ ይታፈናልም፤ አየር የሚያስገባ ሣጥን ይመረጣል። ለኩሌ የሚጫነው ገና ጠንካራ የሆነው ይሁን፤ መለስለስ የጀመረውን እዚያው አቅራቢያ እንሽጠው።

ከመከር በኋላ የደረቁትን ቅርንጫፎች ቆርጠን እናቃጥል። ዛፉ ሥር የወደቀውን የበሰበሰ ፍሬም ራቅ አድርገን እንቅበረው፤ የሚቀጥለው ዝናብ ዘሩን የሚያነሳው ከዚያ ነውና።