የሚያጉረመርም ጎማ፦ የአሮጌ መኪና ሞዞና ኩሽኔታ እድሳት ከነደረሰኙ

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንወያየው ስለ ታክስ፣ ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ኢሚግሬሽን ወረቀት ነው። ዛሬ ግን እጃችንን ግራሶ እናስነካለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የታክሲ ባለንብረት ደንበኛዬ ኮሌጅ ፓርክ ወዳለው ቢሮዬ መጥተው የጫማ ካርቶን ሙሉ ደረሰኝ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉ። ከታክሲያቸው ሌላ ለሰርግ የሚያከራዩት የ1970 ሞዴል ቮልስዋገን አላቸው። ከደረሰኞቹ አንዱ የመኪና መጎተቻ፣ አንዱ የፍሬን ታምቡር፣ አንዱ የፊት ጎማ ዘንግ፣ አንዱ ደግሞ የኩሽኔታ ነው። ከሁሉም ትንሹ ሒሳብ የኩሽኔታው ነበር። ሌሎቹ ሁሉ የመጡት ግን እሱ በጊዜው ባለመቀየሩ ነው። «ድምፅ አልነበረውም ወይ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ሁለት ወር ሙሉ ሬዲዮውን ከፍ እያደረግሁ ነዳሁ» አሉኝ። መኪናዋ የቆመችው ሙሽሮቹን ልትወስድ በመንገድ ላይ ሳለች ነው። ቀብዱን መለሱ፤ የሙሽራዋንም ቤተሰብ ይቅርታ ጠየቁ። እግዚአብሔር ሲረዳቸው ጎማው የከዳቸው በሠፈር ውስጥ እንጂ በቤልትዌይ ላይ አልነበረም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? የዛሬው ትምህርት ይኸው ነው። በቅዳሜ ቀን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሙያውን የተማሩ አንድ አንጋፋ መካኒክ መሪያችን ሆነው፣ ደንበኛዬና እኔ ረዳት ሆነን የፊት ጎማዎቹን አደስን። እኔ እንደ ልማዴ እያንዳንዱን እርምጃ በወረቀት ያዝሁ።

ቮልስዋገን ለምን?

ይህቺ መኪና ለእኛ እንግዳ አይደለችም። በአዲስ አበባ ብዙዎቻችን በቤተሰብ ወይም በጎረቤት ቮልስዋገን ተጭነን ትምህርት ቤት ሄደናል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱትም በቮልስዋገን ነበር። የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። ስለዚህ መለዋወጫዋ ዛሬም ይገኛል፤ አሠራሯም ለመማር ይመቻል።

ሞዞና ኩሽኔታ ምንድን ናቸው?

ሞዞ ጎማው የሚታሰርበት እምብርት ነው። በ1970ዋ ቮልስዋገን የፊት ሞዞና የፍሬን ታምቡር አንድ አካል ናቸው። ሞዞው ቆሞ በማይዞረው ዘንግ ላይ የሚሽከረከረው በሁለት ኩሽኔታ ነው፤ ትልቁ በውስጥ፣ ትንሹ በውጭ በኩል ይቀመጣል። እያንዳንዱ ሾጣጣ ተሽከርካሪዎችና እነሱ የሚሮጡበት፣ ሞዞው ውስጥ ተመትቶ የሚገባ የብረት ቀለበት አለው። የቀድሞው የሼቭሮሌት ካፕሪስ ታክሲ የፊት ጎማም በዚሁ ዓይነት የሚስተካከል ነበር። ዛሬ በከተማችን የሚሠሩት ካምሪና ፕሪየስ ግን የታሸገ ኩሽኔታ አላቸው፤ ግራሶ አይጨመርበትም፣ አይስተካከልም፣ ሲያልቅ ይቀየራል እንጂ። ምልክቱ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

በሽታውን እንዴት እናውቃለን?

ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር ጉርምርምታ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው። የጎማ ድምፅ አስፋልቱ ሲለወጥ ይለወጣል፤ የኩሽኔታ ድምፅ ግን መሪውን ስታዞሩ ይለወጣል። ወደ ግራ ስትታጠፉ ከባሰ፣ ክብደቱ የሚያርፍበትን የቀኝ ጎማ ጠርጥሩ። ከዚያ መኪናውን በክሪክ አንስታችሁ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት። ቢነቃነቅ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁ። ፍሬን ሲረገጥ መነቃነቁ ከጠፋ ችግሩ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ የመሪውንና የእግሩን መገጣጠሚያዎች አስመርምሩ።

ሥራው ደረጃ በደረጃ

1ኛ፦ መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁማችሁ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ የኋላ ጎማዎችን በድንጋይ ወይም በእንጨት አግዱ። የጎማውን ብሎኖች መሬት ላይ እንዳለ አላሉ። ካነሣችሁ በኋላ ካቫሌቶ ከሥሩ አስገቡ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም እጁን እንዳያስገባ።

2ኛ፦ የሞዞውን ክዳን አውጡ። በግራ ጎማ የፍጥነት መለኪያው ገመድ በዘንጉ ውስጥ አልፎ ክዳኑ ላይ ስለሚታሰር መጀመሪያ ማሰሪያውን ፍቱ። የግራው ዘንግ ጥርስ ተገላቢጦሽ መሆኑን አትርሱ። ይህን ያላወቀ ሰው እየፈታ መስሎት ያጠብቃል።

3ኛ፦ ዳዶውን የሚቆልፈውን ትንሽ ብሎን አላልታችሁ ዳዶውን ፍቱ። የፍሬኑን ሸማኔ ካላላችሁ ታምቡሩ ይወጣል። በውስጡ ያለውን አቧራ በአየር አትንፉት፣ በደረቅ መጥረጊያም አትጥረጉት፤ የድሮ ፍሬን አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል ለሳንባ አደገኛ ነው። በእርጥብ ጨርቅ አንሡትና ጨርቁን አሽጋችሁ ጣሉ።

4ኛ፦ ግራሶ የሚያግደውን የላስቲክ ቀለበት አውጥታችሁ ጣሉ፤ ሁልጊዜ በአዲስ ይተካል። ኩሽኔታዎቹን በነጭ ጋዝ አጥባችሁ አድርቁ። አሁን በደንብ ተመልከቱ። ብረቱ ሰማያዊ ከሆነ ተቃጥሏል፤ ነጥብ ነጥብ ጉድጓድ ወይም ጭረት ካለው አልቋል። ተሽከርካሪው ተቀይሮ የድሮው ቀለበት መቅረት የለበትም፤ አብረው የሚሠሩ ጥንድ ናቸው።

5ኛ፦ የድሮውን ቀለበት ከጀርባው በናስ ዘንግ፣ አንድ ጊዜ በዚህ አንድ ጊዜ በዚያ በኩል እየመታችሁ አውጡ። አሁን የሞዞውን ጉድጓድ መርምሩ። ቀለበቱ በእጅ የሚገባና የሚወጣ ከሆነ ሞዞው ሰፍቷልና ይቀየር። በፑንቶ ነጥብ እየመቱ ማጥበብ የጥቂት ቀን መላ ነው። ዘንጉም ከተላጠ ወይም ከተቃጠለ እንዲሁ። ደንበኛዬ የዘንግና የታምቡር ዋጋ የከፈሉት በዚህ ምክንያት ነው።

6ኛ፦ አዲሱን ቀለበት ለአንድ ሰዓት ያህል የማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ አቆዩት፤ ብርዱ ስለሚያኮማትረው ለመግባት ይቀለዋል። ሳያዘነብል ዙሪያውን እየመታችሁ አስገቡ። ጥጉን ሲነካ የመዶሻው ድምፅ ይለወጣል፤ ጆሮአችሁን ጣሉበት።

7ኛ፦ ለጎማ ኩሽኔታ የተሠራ፣ ሙቀት የሚችል ግራሶ መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ በኩሽኔታው ሰፊ ጎን በኩል ግፉት፤ በጠባቡ በኩል እስኪወጣ ድረስ። ከውጭ መቀባት ብቻ አይበቃም። ድሮ ከነበረው ግራሶ ጋር አትቀላቅሉ፤ ክዳኑንም አትሙሉት።

8ኛ፦ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ሁሉን በቦታው መልሳችሁ ታምቡሩን እያዞራችሁ ዳዶውን አጥብቁ፤ ኩሽኔታው ቦታውን ይያዝ። ከዚያ መልሳችሁ አላሉት። ከዳዶው ሥር ያለችው ቀለበት በካቻቢቴ ጫፍ ስትገፋ ለጥቂት የምትንቀሳቀስ መሆን አለባት። የተፈቀደው ልቅነት ከ0.03 እስከ 0.12 ሚሊሜትር ነው። በመጨረሻም የዳዶውን መቆለፊያ ብሎን አጥብቁ።

የቀኙ ጎማ ለእኔ ተሰጠኝ። እንዳይላላ ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ አጠበቅሁት። አንጋፋው መካኒክ ታምቡሩን በእጃቸው አዞሩና፣ «አንተ ልጅ፣ ይህ ሒሳብ አይደለም፤ ብረት ሲሞቅ ያብጣል፣ መተንፈሻ ተውለት» ብለው አስፈቱኝ። የጠበቀ ኩሽኔታ ግራሶውን አቃጥሎ ራሱን ያቃጥላል። ብዙ ሰው የሚፈራው የላላውን ብቻ ነው፤ የጠበቀው ግን በዝምታ ይገድላል።

9ኛ፦ ፍሬኑን አስተካክላችሁ በሠፈር ውስጥ ጥቂት ንዱና ሞዞውን በጥንቃቄ ዳስሱ። አንዱ ጎማ ከሌላው እጅግ ከሞቀ ፍቱና እንደገና አስተካክሉ። ከ100 ማይል ያህል በኋላም ልቅነቱን ፈትሹ። በዚህ ሥራ ልምድ የሌለው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን አይሥራ።

አሁን ወደ ደረሰኙ

ደንበኛዬ የጠየቁኝ፣ «ይህ ሁሉ ከታክስ ይቀነሳል ወይ?» ብለው ነው። መልሱ እንደ መኪናው አገልግሎት ይለያያል።

ታክሲ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በማይል ማስላት ነው፤ ለ2025 ዓመት በአንድ የሥራ ማይል 70 ሳንቲም ነበር። በዚያ ዓመት 40,000 የሥራ ማይል የነዳ ሰው 28,000 ዶላር ይቀንስ ነበር። ቤንዚን፣ ኢንሹራንስ፣ ጥገና ሁሉ በዚህ ውስጥ ስለተቆጠረ የኩሽኔታውን ደረሰኝ ለብቻው መጨመር አይፈቀድም። ሁለተኛው ትክክለኛ ወጪን መቁጠር ነው፤ በዚህ መንገድ ያለቀ ኩሽኔታ መቀየር ጥገና ስለሆነ በዓመቱ ይቀነሳል። ለራሳችሁ መኪና በመጀመሪያው ዓመት የማይሉን መንገድ ካልመረጣችሁ፣ በዚያ መኪና ወደ እሱ መመለስ እንደማትችሉ አስቀድማችሁ እወቁ።

ለንግድ የተገዛ አሮጌ መኪና ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቢታደስ ግን ወጪው ከመኪናው ዋጋ ላይ ተደምሮ በዲፕሪሲየሽን ደንብ ይታያል። ለግል ደስታ የተያዘ መኪና ወጪ ደግሞ ጨርሶ አይቀነስም። የራሳችሁ ላብም እንዲሁ፤ ቅዳሜን ሙሉ ብትሠሩ ለራሳችሁ የሰዓት ክፍያ አስባችሁ መቀነስ አትችሉም። ዕቃውንና ግራሶውን ግን ትችላላችሁ።

ለወዳጅ መካኒክ በጥሬ ገንዘብ ስትከፍሉ ቀን፣ የሠሌዳ ቁጥር፣ ማይል፣ የተሠራው ጎማና ፊርማ ያለበት ወረቀት ተቀበሉ። ለንግዳችሁ ለሠራ ግለሰብ በዓመት የከፈላችሁት 600 ዶላር ከደረሰ የ1099 ቅጽ ያስፈልግ ነበር፤ ከ2026 ጀምሮ ለሚፈጸም ክፍያ መነሻው 2,000 ዶላር ሆኗል። የሱቅ ደረሰኝ ቀለም ስለሚጠፋ ፎቶ አንሡት፤ በጥቅሉ ቢያንስ 3 ዓመት ይቀመጥ።

አንድ የመጨረሻ ማሳሰቢያ። የደንበኛዬ ቮልስዋገን የሜሪላንድ «ሂስቶሪክ» ሠሌዳ ነበራት። ይህ ሠሌዳ ለንግድ ሥራ አይፈቀድም። ለግል መዝናኛ ተብሎ የተገዛ ኢንሹራንስም በኪራይ ላይ ሳለች ለደረሰ ጉዳት አልከፍልም ሊል ይችላል። ከኩሽኔታው ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ ነው፤ ሙሽሮች ተሳፍረው አደጋ ቢደርስ ኖሮ ቤታቸውም ታክሲያቸውም አደጋ ላይ በወደቀ ነበር። አሁን ሠሌዳውንም ኢንሹራንሱንም ለኪራይ ሥራ ወደሚሆን እየለወጡ ነው፤ እስኪያልቅ ድረስም ሰርግ አይቀበሉም።

በዚሁ በኮሌጅ ፓርክ አየር ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1909 ዊልበር ራይት የጦር መኮንኖችን አውሮፕላን ማብረር አስተምሯል። እሱና ወንድሙ ከዚያ በፊት የብስክሌት ሱቅ ባለቤቶች ነበሩ፤ ኩሽኔታ ማጠብና ግራሶ መቀባት የዕለት ሥራቸው ነበር። ትንሽ ሱቅና ትንሽ ዕቃ አይናቅም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ሬዲዮውን አጥፉና መኪናችሁን አድምጡ።