ወፍጮና መብራት

ውርጌሳ ከደሴ ወደ መርሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በዚያ አገር እህሉን ተሸክሞ ወፍጮ ቤት የሄደ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል። የናፍጣ ወፍጮ እህል ሲበዛበት ይዘገያል፤ ድምፁም ይወፍራል። እህሉ ሲያልቅ ይፈጥናል፤ ድምፁም ይቀጥናል። ባለወፍጮው ሞተሩን ሳይከፍት በጆሮው ብቻ ሸክሙን ይገምታል።

የመብራት ኃይልም ሸክሙ የሚታወቀው እንዲሁ በፍጥነቱ ነው።

ወደ ቤታችን የሚመጣው ኤሌክትሪክ እንደ ወንዝ ውሃ ወደ አንድ ወገን ብቻ አይሄድም። እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። በአገራችን በአንድ ሴኮንድ 50 ጊዜ ደርሶ ይመለሳል። ይህ ቁጥር ድግግሞሽ ይባላል። መለኪያው ኸርዝ ነው።

ድግግሞሹን ለማወቅ መሣሪያ ምልልሱን ይቆጥራል። በ10 ሴኮንድ ውስጥ 500 ምልልስ ከተቆጠረ፣ 500 ለ10 ሲካፈል 50 ይሆናል። ይህ ደኅና ነው። 495 ከተቆጠረ ግን 49 ተኩል ይሆናል። ሸክም በዝቷል ማለት ነው። ይህን በዓይን ማወቅ አይቻልም። አምፖል የሚፈዘው የኤሌክትሪኩ ግፊት፣ ማለት ቮልቴጁ፣ ሲቀንስ ነው።

ኃይሉ የሚመጣው ከብዙ ጣቢያ ነው። የጣና በለስ ጣቢያ በ2002 ዓ.ም. ተመረቀ። በውሃ የሚዞሩ 4 ተርባይኖች አሉት። ታላቁ የህዳሴ ግድብ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። እነዚህ ጣቢያዎች በሽቦ ተያይዘው፣ በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ በሬዎች እኩል ይራመዳሉ። ስለዚህ በአንዱ መረብ ላይ እስካሉ ድረስ ውርጌሳም ቢቆጠር፣ ወልድያም ቢቆጠር፣ አዲስ አበባም ቢቆጠር ድግግሞሹ አንድ ነው።

አንዱ በሬ ቢወድቅ ሸክሙ በሌላው ላይ ነው። አንድ ጣቢያ በድንገት ሲቆምም ድግግሞሹ ይወርዳል። ያን ጊዜ በሌሎቹ ጣቢያዎች ለተርባይኑ ውሃ ይጨመራል፤ ባለወፍጮው ናፍጣ እንደሚጨምር ማለት ነው። ይህ ካልበቃ መሣሪያው ራሱ የአንዳንድ ቦታዎችን መብራት ይቆርጣል። ይህ ካልተደረገ ጣቢያዎቹ ተራ በተራ ይቆማሉ፤ አገሩ ሁሉ ይጨልማል። መብራት የሚጠፋው ምሰሶ ሲወድቅ ወይም ሽቦ ሲበጠስ ብቻ አይደለም።

እኛስ ምን እናድርግ? መብራት ሲጠፋ የወፍጮውንና የውሃ መሳቢያውን ማብሪያ ማጥፊያ እናጥፋ። ሞተር ሲነሳ ብዙ ኃይል ይስባል። መብራቱ ሲመለስ ሞተሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ከተነሳ ሸክሙ ይከብዳል። ጥቂት ቆይቶ አንድ ባንድ ማስነሳት ይሻላል።

ጥያቄዎች
1. ባለወፍጮ ሸክም መብዛቱን በምን ያውቃል?
2. መሣሪያ በ20 ሴኮንድ 1000 ምልልስ ቆጠረ። ድግግሞሹ ስንት ነው?
3. መብራት ሲጠፋ የሞተርን ማብሪያ ማጥፊያ ለምን እናጠፋለን?