ሩቅ አቅራቢ ሌንስና የሚበር አሞራ

በጎፋና በመካኒሳ ሰማይ ጥንብ አንሳና ጭልፊት ሲያንዣብቡ ማየት ለንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ አዲስ ነገር አይደለም። ሆኖም ሩቅ በሚያቀርብ የዙም ሌንስ ፎቶግራፍ ያነሣናቸው እንደሆነ፥ ብዙ ጊዜ ጠርቶ የሚወጣው የመብራት ሽቦው ወይም የባሕር ዛፉ ቅርንጫፍ ነው፤ አሞራው ግን ደብዝዞ ይቀራል። ይህ ስለ ምን ይሆናል?

አንደኛው ምክንያት የካሜራው አሠራር ነው። አውቶፎከስ ማለት ካሜራው ራሱ ሌንሱን እያንቀሳቀሰ ምስሉን የሚያጠራበት ዘዴ ነው። በብዙ ካሜራዎች ውስጥ በሌንሱ ሁለት ጎን የገባው ብርሃን ይነጻጸርና፥ ሌንሱ ወዴትና ምን ያህል መንቀሳቀስ እንዳለበት ከልዩነቱ ይሰላል። ለዚህም ጥቁሩ ከነጩ የሚለይበት ጉልህ መስመር ያስፈልጋል። በነጣ ሰማይ ፊት የተዘረጋ ሽቦ ይህን አሟልቶ ይሰጣል፤ መለኪያው መስመር ይፈልጋል እንጂ ሽቦውን ከአሞራው አይለይምና።

ሁለተኛው ምክንያት የሌንሱ ርዝመት ነው። የ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቀዳዳው 5.6 ላይ ሆኖ 20 ሜትር በራቀ ወፍ ላይ ቢነጣጠር፥ ጠርቶ የሚታየው ስፍራ ከፊት እስከ ኋላ ከ1 ሜትር ያነሰ ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ወደ እኛ የሚበር ወፍ ግን በሴኮንድ አንድ አሥረኛ 1 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ ካሜራው ለክቶ እስኪያነሣ ድረስ ወፉ ከስፍራው ሊያልፍ ይችላል። በዚያም ላይ ብዙዎቹ ዙሞች ሲረዝሙ ቀዳዳቸው ስለሚጠብ መለኪያው የሚያገኘው ብርሃን ያንሳል።

እንግዲህ መፍትሔው የሚከተለው ነው።

1. አንድ ጊዜ ለክቶ የሚቆመውን ትቶ፥ ሳያቋርጥ የሚከታተለውን አውቶፎከስ መምረጥ፤ ይህ የወፉን ቀጣይ ስፍራ አስቀድሞ ይገምታል።

2. ሌንሱን አሳጥሮ ወፉን ካገኙ በኋላ ማስረዘም፤ ብዙ ዙሞች ሲረዝሙ ፎከሳቸው ስለሚናጋ ከማንሣት በፊት እንደገና ማስለካት።

3. በሌንሱ ላይ የርቀት መገደቢያ ካለ የቅርቡን መዝጋት፤ ያን ጊዜ ሌንሱ ከቅርብ እስከ ሩቅ እየዋለለ ጊዜ አያባክንም።

የመዝጊያውን ፍጥነት 1/2000 ማድረግ የክንፉን እንቅስቃሴ ያቆማል፤ የተሳተ ፎከስን ግን አያድንም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2021 የወጣው የሶኒ አልፋ 1 የወፍን ዓይን ለይቶ ይከታተላል፤ ቢሆንም ከብዙ ወፎች የትኛውን እንደምንሻ መንገር የእኛ ፋንታ ነው።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በአገራችን ከሚታዩት የጥንብ አንሳ ዓይነቶች አራቱን፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2015፥ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል መዝግቧል። አንዱ ከሌላው የሚለየው በፊቱ ቀለም፥ በመንቁሩና በላባው ነውና የደበዘዘ ፎቶግራፍ ይህን አይናገርም። ጠርቶ የተነሣና ቀንና ስፍራው የተጻፈበት ግን ወፎቹን ለሚቆጥሩ ሰዎች ማስረጃ ይሆናል።