ትምህርት አራት፦ በቀውስ ወቅት የሚሰጥ የምክር አገልግሎት መሠረታዊ ነጥቦች

የትምህርቱ ዓላማ

ይህ ትምህርት በምዕራብ ጎጃም ገጠርና ከተማ ለሚያገለግሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችና የዕድር መሪዎች የተዘጋጀ ነው። ሠልጣኞች ትምህርቱን ሲያጠናቅቁ የቀውስን ምንነት ይገነዘባሉ፤ ኀዘንተኛን በሥርዓት ያዳምጣሉ፤ ሕይወቱ ለአደጋ የተጋለጠን ሰው ለይተው ወደ ተገቢው ዕርዳታ ያደርሳሉ።

1. ቀውስ ምንድን ነው?

ቀውስ ማለት አንድ ሰው ድንገተኛ ጉዳት ሲደርስበትና ቀድሞ ችግሩን ይወጣበት የነበረው ዘዴ ሁሉ አልበቃ ሲለው የሚገባበት ሁኔታ ነው። ቀውስ በራሱ የአእምሮ ሕመም አይደለም። እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ አለመቅመስ፣ መፍዘዝ፣ በጥቂት ነገር መቆጣትና በራስ ላይ መፍረድ በማንኛውም ጤነኛ ሰው ላይ ሊታዩ ይችላሉ።

የዚህ ሙያ ጅማሬ ብዙ ጊዜ ከአንድ አደጋ ጋር ተያይዞ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ፣ ኮኮናት ግሮቭ በተባለ የምሽት መዝናኛ ቤት በተነሣ ቃጠሎ 492 ሰዎች ሞቱ። የአእምሮ ሐኪሙ ኤሪክ ሊንደማን ከአደጋው የተረፉትንና የሟች ቤተሰቦችን ተከታተለ፤ ኀዘን የራሱ ምልክቶችና የራሱ ጉዞ እንዳለው፣ ታፍኖ ሲያዝ ግን ውሎ አድሮ ሰውን እንደሚጎዳ ገለጸ። ከእርሱ በኋላ ጄራልድ ካፕላን ቀውስ በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ውስጥ ወደ መልካም ወይም ወደ ክፉ መልክ እንደሚይዝ አስተማረ። ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት የሚደረግ ድጋፍ ጥቂት ቢመስልም ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

2. ወረርሽኙ ከኀዘንተኛው የወሰደው

የጎጃም ሕዝብ ይህን እውነት ከመጻሕፍት አስቀድሞ ያውቀዋል። ሰው ሲሞት የዕድር ጡሩንባ ይነፋል፤ ጎረቤት እህል ውኃ ይዞ ይመጣል፤ ኀዘንተኛ ብቻውን አያድርም፤ አልቃሽ የሟችን ሙያና ደግነት በግጥም ታነሣለች። ይህ ሁሉ ለኀዘንተኛው የመናገሪያና የማልቀሻ ስፍራ ይሰጠዋል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ተገለጸ። በዚያው ወር መጨረሻ በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጨባበጥና ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብ ተከለከለ። እርምጃው ሕይወት ለማዳን የተወሰደ ቢሆንም የቆየውን የማጽናኛ ሥርዓት አሳሳው። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የሚገኙ፣ ከቡሬም ወደ ነቀምቴ የሚያመራው መንገድ የሚገነጠልባቸው በመሆናቸው፣ መንገደኛን «በሽታውን ያመጣ» ብሎ የመጠርጠር ዝንባሌ ሊፈጠር ይችላል። የአማካሪው ድርሻ ወረርሽኙ የወሰደውን ድጋፍ በሽታውን በማያስተላልፍ መንገድ መተካት ነው።

3. ሦስቱ ተግባራት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዕርዳታ መመሪያ መሠረት ሥራው በሦስት ተግባራት ይጠቃለላል።

ማየት፦ በቅድሚያ የአካባቢውን ደኅንነት፣ ቀጥሎም አስቸኳይ ዕርዳታ የሚሻው ማን እንደሆነ መለየት ነው። በቤቱ የሚላስ የሚቀመስ አለ? የሚያጠባ፣ አቅመ ደካማ ወይም መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው አለ?

ማዳመጥ፦ ባለሙያው ማንነቱን ይገልጻል፤ ከፀሐይና ከሰው ዐይን ከለል ባለ፣ ነፋስ በሚገባው ስፍራ፣ በወረርሽኝ ጊዜም ጭንብል አድርጎ በሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀት ይቀመጣል። ሰውየው እንዲናገር አያስገድደውም፤ ዝም ሲልም አብሮት ዝም ይላል።

ማገናኘት፦ ኀዘንተኛውን ከቤተሰቡ፣ ከዕድሩ፣ ከነፍስ አባቱ ወይም ከሃይማኖት መሪው፣ ከጤና ተቋምና ከቀበሌው ጋር ያገናኛል። ማድረግ የማይችለውን ተስፋ አይሰጥም።

4. ለትምህርት የቀረበ ምሳሌ

በቡሬ ዙሪያ በሚገኝ አንድ የገጠር ቀበሌ የምትኖር እናት ባሏ በለይቶ ማከሚያ ማዕከል ሞተባት እንበል። ቀብሩ በጥቂት ሰዎች ተፈጸመ። እርሷም የ14 ቀን የመለያ ጊዜዋን ጨርሳ ነፃ ብትባልም ጎረቤት ደጇን አልረገጠም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ግቢዋ ሄዳ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠች።

«እናቴ፣ እግዚአብሔር ያጥናዎት። ልጠይቅዎት ነው የመጣሁ፤ መናገር ቢፈልጉ እሰማዎታለሁ» አለቻት።

«ልጄ፣ አፈር እንኳ ሳላለብሰው ቀረሁ። ሰውም ደጄን ትቶታል።»

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው በቅን ልቡና «አይዞዎት፣ አያልቅሱ፣ የባሰ አለ» ይላል። ይህ አነጋገር ግን የኀዘንተኛዋን አፍ ይዘጋል። ሠራተኛዋ የሰማችውን መልሳ «ሳይሰናበቱት መለየትዎ ነው ይበልጥ የሚያንገበግብዎት» አለቻት። እናቲቱ አለቀሰች፤ ሠራተኛዋም አላቋረጠቻትም። እናቲቱ ትንሽ ቆይታ «እሱን ተከትዬ ብሄድ በተሻለኝ» አለች።

ይህ ቃል በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ሠራተኛዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በቀጥታ ጠየቀች፦ «እናቴ፣ እንዲህ ያለ ኀዘን የደረሰበት ሰው አንዳንዴ ሕይወቱን ለማጥፋት ያስባል። እርስዎስ ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል?» እናቲቱም ለእህል ማቆያ የተገዛውን የነቀዝ መድኃኒት ሌሊት ሌሊት እንደምታስበው ተናገረች።

5. ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲኖር የሚወሰዱ እርምጃዎች

ስለ ጉዳዩ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይተክልም፤ ይልቁንም ብቻውን የተሸከመውን ሸክም እንዲያካፍል ያደርገዋል። መልሱ «አዎ» ከሆነ የሚከተሉት ይፈጸማሉ።

ሀ. ሰውየው ለአፍታም ቢሆን ብቻውን አይተውም።

ለ. መርዝ፣ ገመድ፣ የጦር መሣሪያና የመሳሰሉት ከቤቱ ይወጣሉ። ብርቱ የሞት ፍላጎት ብዙ ጊዜ እየመጣ የሚሄድ በመሆኑ፣ በዚያች ሰዓት መርዙ በእጅ አለመገኘቱ ሕይወት ያተርፋል።

ሐ. ምስጢር ይጠበቃል፤ ሆኖም ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ሊረዳ ለሚችል ሰው መናገር ግድ ይሆናል። ይህም ለባለጉዳዩ በአክብሮት አስቀድሞ ይነገረዋል።

መ. በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል። እንደ አስፈላጊነቱ በፍኖተ ሰላም ወደሚገኘው ሆስፒታል፣ ከዚያም ባሕር ዳር ወደሚገኘው ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ይተላለፋል።

በምሳሌው ሠራተኛዋ እናቲቱን «ለልጅዎ ልንገረው፤ ብቻዎን አይሸከሙት» ብላ አስረዳቻት። ትልቁ ልጇ መድኃኒቱን ከጎተራው አውጥቶ ወደ አጎቱ ቤት ወሰደ፤ ሴት ልጇም ከጎኗ እንድትሆን ተደረገ። ከሰዓት በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዳ ታየች። የዕድሩ ዳኛ የመለያ ጊዜዋ ማለቁ ሲነገረው ጎረቤቶች ከሦስት ሳይበልጡ በየተራ በግቢዋ ተቀምጠው እንዲያስተዛዝኗት ደለደለ። የነፍስ አባቷም መጥተው በደጅ ጸሎት አደረሱላት። ሠራተኛዋ በማግሥቱ ተመልሳ ጎበኘቻት፤ በሳምንቱም ደገመች።

6. ሊወገዱ የሚገባቸው ስሕተቶች

ወደ ፀበል መሄድ የሚፈልግን ሰው በሃይማኖቱ ማሸማቀቅ አይገባም፤ ሕክምናውን ሳያቋርጥና ርቀቱን ጠብቆ ሁለቱን አንድ ላይ እንዲያስኬድ ይመከራል። ስለ አሟሟት ዝርዝር መመርመር፣ «እኔንም እንዲህ ደርሶብኛል» እያሉ ወሬውን ወደ ራስ መሳብ፣ የሰማውን በገበያ ማውራትም ከሙያው ሥነ ምግባር ውጭ ነው።

7. የአማካሪው የራሱ ጤና

የሌላውን ኀዘን በየቀኑ የሚሰማ ሰው ራሱ ይደክማል። እንቅልፍ ሲነሣው፣ ሥራ ሲያስጠላው ወይም ልቡ ሲደነድን ለቅርብ ኃላፊው ወይም ለሥራ ባልደረባው ይንገር፤ ዕረፍትም ይውሰድ። በወረርሽኙ ወቅት ስለ በሽታው መረጃ ሲያስፈልግ በነፃ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 መጠየቅ ይቻል ነበር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ ከወረርሽኙ በፊት ኀዘንተኛን የሚደግፉ ልማዶች የትኞቹ ነበሩ? የትኞቹን በጥንቃቄ ማስቀጠል ይቻላል?

2. «አይዞህ፣ አታልቅስ» ከማለት ይልቅ ምን ማለት ይሻላል?

3. የተባይና የነቀዝ መድኃኒት በየቤቱ የት ይቀመጣል? ቁልፉስ በማን እጅ ነው?

4. ሁለት ሁለት ሆናችሁ በምሳሌው የቀረበውን ንግግር ተለማመዱ፤ በተለይ ራስን ስለ ማጥፋት የሚቀርበውን ጥያቄ ሳትሸሹና ሳትቸኩሉ ጠይቁ።