ስኮትስ፦ ቋንቋ ነው ወይስ ቀበልኛ?

አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ገባ እንበል። መምህሩ የቤት ሥዕል አሳይቶ «ይህ ምንድን ነው?» ሲለው ልጁ «ሁስ» ብሎ መለሰ። መምህሩ ተቆጣ። «ሃውስ በል! እንደ ሰው ተናገር!» ብሎ መዳፉን በጠፍር መታው። ልጁ ግን አልተሳሳተም። እናቱም፣ አያቱም፣ መንደሩም ቤትን የሚጠሩት «ሁስ» ብለው ነው። በስኮትላንድ እንዲህ ያለው ነገር በብዙ ትምህርት ቤቶች ሲፈጸም ኖሯል።

ታዲያ ይህ ልጅ የተናገረው ምንድን ነው? የተበላሸ እንግሊዝኛ ነው? የእንግሊዝኛ ቀበልኛ ነው? ወይስ ራሱን የቻለ ቋንቋ? በዛሬው ትምህርታችን ይህን እንመረምራለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩. የስኮትስ አመጣጥ

ስኮትላንድ የብሪታንያ ደሴት ሰሜናዊ ክፍል ናት። የቆዩት መነጋገሪያዎቿ ሦስት ናቸው፤ እነዚህም እንግሊዝኛ፣ ጌሊክና ስኮትስ ናቸው። ጌሊክ ከእንግሊዝኛ በጣም የራቀ ስለሆነ ቋንቋነቱን የሚጠራጠር የለም። ክርክሩ የተነሣው በስኮትስ ላይ ነው።

እንግሊዝኛና ስኮትስ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እናታቸው ጥንታዊው እንግሊዝኛ ነው። የዛሬው የመጽሐፍ እንግሊዝኛ ያደገው በስተደቡብ፣ በሎንዶን አካባቢ ነው። ስኮትስ ግን ያደገው ከሰሜኑ አነጋገር ነው። ይህ የሰሜን አነጋገር በ7ኛው ምዕተ ዓመት ገደማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስኮትላንድ ገባ። ከ12ኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ ከተሞች ሲቆረቆሩና ገበያ ሲደራ፣ ከነጋዴውና ከባለ እጁ ጋር እየተስፋፋ ሄደ።

በ15ኛው ምዕተ ዓመት የስኮትላንድ ፓርላማ ሕግ የሚጻፈው በስኮትስ ነበር። ተናጋሪዎቹ በመጀመሪያ «ኢንግሊስ» ይሉት ነበር። በዚያ ምዕተ ዓመት መጨረሻ ግን «ስኮቲስ» የሚለው ስም ወጣ። ባለቅኔው ጋቪን ዳግላስ የሮማዊውን የቨርጂልን ታላቅ ግጥም በ1513 ተርጉሞ ሲፈጽም፣ የጻፈው በስኮትላንድ ሕዝብ ቋንቋ መሆኑን በኩራት ገልጿል።

፪. እንዴት ዝቅ አለ?

የሕግና የቅኔ መጻፊያ የነበረው ስኮትስ በአንድ ቀን አልወደቀም። በመጀመሪያ በ1560 የሃይማኖት ለውጥ ሲደረግ፣ ሕዝቡ እጅ የገባው መጽሐፍ ቅዱስ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ነበር። ቀጥሎም በ1603 የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝንም ዘውድ ወርሶ ቤተ መንግሥቱን ወደ ሎንዶን አዛወረ። በ1707 ደግሞ ሁለቱ ፓርላማዎች ተዋሐዱ። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ቤተ መንግሥቱም፣ ሸንጎውም ተራ በተራ ለእንግሊዝኛ ተለቀቁ። ለስኮትስ የቀረለት ማጀቱ፣ እርሻውና ገበያው ነው።

የተማረው ሰው በእናቱ አነጋገር ማፈር ጀመረ። ታዋቂው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እንኳ በጽሑፍ ሊወገዱ ይገባል ያላቸውን የስኮትላንድ አባባሎች ዘርዝሮ በ1752 አሳትሟል። ሆኖም ሕዝቡ ቋንቋውን አልጣለም። የገበሬው ልጅ ሮበርት በርንስ በ1786 ያሳተማቸው ግጥሞች ዝናው ከአገር አገር እንዲሰማ አደረጉ። ይሁን እንጂ በ1872 የወጣው የትምህርት ሕግ ልጆችን ሁሉ ወደ ትምህርት ቤት ሲያስገባ፣ የመማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። በመግቢያችን ላይ ያየነው ልጅ የተመታው እንዲህ ባለው ትምህርት ቤት ነው።

፫. የሁለቱ ወገኖች ክርክር

«ቋንቋ ነው» የሚሉት እንዲህ ይላሉ፦ ስኮትስ የራሱ ቃላት አሉት። ልጅን «ቤርን»፣ ቤተ ክርስቲያንን «ከርክ»፣ ማወቅን «ኬን» ይላል። የራሱም ሰዋስው አለው። የመጽሐፍ እንግሊዝኛ ቅርቡን «ይህ»፣ ሩቁን «ያ» ብሎ ሲያበቃ፣ ስኮትስ ከዚያም ወዲያ ላለው «ዮን» የሚል ሦስተኛ ቃል ይጨምራል። ከ600 ዓመት በላይ የቆየ ሥነ ጽሑፍና ብዙ ቅጽ ያላቸው መዝገበ ቃላት አሉት። ዊልያም ሎሪመር ከግሪክኛ በቀጥታ ወደ ስኮትስ የተረጎመው አዲስ ኪዳንም በ1983 ታትሟል።

«ቀበልኛ ነው» የሚሉትም ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ብዙው ተናጋሪ ስኮትስንና እንግሊዝኛን እየቀላቀለ ስለሚናገር፣ አንዱ የሚያበቃበትንና ሌላው የሚጀምርበትን መለየት ያስቸግራል። ሁሉም የተስማማበት አንድ የፊደል አጻጻፍ ደንብም የለውም። የስኮትላንድ መንግሥት በ2010 ባስጠናው ጥናት፣ ከተጠየቁት ሰዎች ከመቶ 64ቱ «የአነጋገር ልማድ ነው እንጂ ቋንቋ አይመስለንም» የሚለውን ሐሳብ ደግፈዋል።

፬. መለኪያው ምንድን ነው?

«ሁለት ሰዎች ከተግባቡ ቋንቋቸው አንድ ነው» የምንል ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የኖርዌይና የዴንማርክ ሰዎች እያንዳንዳቸው በየቋንቋቸው ቢጻጻፉ በደንብ ይግባባሉ። ቢሆንም ሁለቱ የተለያዩ ቋንቋዎች ይባላሉ። የቤጂንግና የካንቶን ሰዎች ግን በየአነጋገራቸው ቢያወሩ አይግባቡም። በቻይና ግን ሁለቱም የአንዱ የቻይንኛ ቀበልኛዎች ተብለው ይጠራሉ።

ስለዚህ ስሙን የሚያወጣው ቃላትና ሰዋስው ብቻ አይደለም። መንግሥት፣ ትምህርት ቤትና ማተሚያ ቤትም ያወጡታል። የይዲሽ ቋንቋ ሊቅ የነበረው ማክስ ዋይንራይክ በ1945 አንድ ቀልድ ጽፎ ነበር። በቀልዱ መሠረት ቋንቋን ከቀበልኛ የሚለየው ጦርና የባሕር ኃይል ያለው መሆኑ ነው። ስኮትስም መንግሥት ሳለው ቋንቋ ነበር፤ መንግሥቱ ሲሄድ ቀበልኛ ተባለ።

፭. ዛሬስ?

በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ስለ ስኮትስ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ ቀረበ። 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች «እንናገረዋለን» አሉ። ከዚያ በፊት፣ በ2001፣ ብሪታንያ የአውሮፓን የአናሳ ቋንቋዎች ስምምነት ስታጸድቅ ለስኮትስ እውቅና ሰጥታ ነበር። በ2025 ደግሞ የስኮትላንድ ፓርላማ ለጌሊክና ለስኮትስ በሕግ ይፋዊ ደረጃ ሰጠ።

እንግዲህ ምን እንበል? ስኮትስ ከእንግሊዝኛ ጎን ያደገ እንጂ ከእንግሊዝኛ ተሰብሮ የወደቀ አይደለም። ቋንቋ ለመባል በቂ ምክንያት አለው። ቀበልኛ ነው የሚል ሰው ቢኖር እንኳ ቀበልኛ ስሕተት አይደለም። ልጁ እንግሊዝኛን መማሩ ለሥራም ለንባብም ይጠቅመው ነበር። ነገር ግን አዲሱን ለመማር የእናቱን መናቅ አላስፈለገውም። የተማረው ከቃሉ ይልቅ እፍረቱን ነው፤ እፍረት ደግሞ የልጅን አፍ ይዘጋል።

የቃላት ፍች

ቀበልኛ፦ በአንድ አካባቢ የሚነገር የቋንቋ ዓይነት
ጠፍር፦ ከቆዳ የተቆረጠ ጠባብ ገመድ
ሸንጎ፦ ሕግና ጉዳይ የሚመከርበት ጉባኤ

ጥያቄዎች

1. ስኮትስና እንግሊዝኛ በምን ይዛመዳሉ?
2. ስኮትስ ዝቅ እንዲል ያደረጉትን ሦስት ነገሮች ጥቀሱ።
3. መግባባት ብቻውን መለኪያ የማይሆነው ለምንድን ነው?
4. በእናንተ አካባቢ «የባላገር አነጋገር» ተብሎ የሚሳቅበት ቃል አለ? ቃሉን ጻፉና ከየት እንደመጣ ሽማግሌዎችን ጠይቁ።