ከጎን ለሚመጣው እንታየው! ብስክሌትና የምሽት መንገድ

ከማስተማር ልምምድ አምሽቶ ይመለስ የነበረ አንድ ጓደኛችን መስቀለኛ መንገድ ላይ ከጎን በመጣ ባጃጅ ተገጭቶ ክንዱ ተሰበረ። ብስክሌቱ የፊት መብራት ነበረው፤ ከኋላም ቀይ አንጸባራቂ አልጠፋም። ሹፌሩም ቢሆን የሰከረ ወይም ሲከንፍ የመጣ ሰው አልነበረም። በድንጋጤ እየተንቀጠቀጠ የተናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «አላየሁትም!» ብዙዎቻችን «ውሸቱን ነው፤ መብራት ያለው ብስክሌት እንዴት አይታይም?» አልን። ነገሩን ረጋ ብለን ስንመረምረው ግን ሰውዬው እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። ምክንያቱንና መፍትሔውን በዚህ ጽሑፍ እናቀርባለን።

ጉዳዩ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ባሕር ዳር ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ በመሆኗ ሠራተኛውም፣ ተማሪውም፣ ሠልጣኙም በብስክሌት ይሄዳል። ጀንበር ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓትና 1 ሰዓት መካከል ትጠልቃለች፤ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ እንደ ሰሜን አገሮች ረጅም ድንግዝግዝታ የለም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይቆይ ይጨልማል። የመንገድ መብራት ከጠፋማ አለቀ! ነገ ተመድበን በምናስተምርበት ቦታም በብስክሌት የሚመጡ ልጆች ይኖሩናል። ስለዚህ ነገሩን ለራሳችንም፣ ለምናስተምራቸውም ብለን ልንማረው ይገባል።

1. ብስክሌት ከጎን የማይታየው ለምንድን ነው?

የብስክሌት የፊት መብራት ብርሃኑን ወደ ፊት፣ የኋላው ደግሞ ወደ ኋላ ይልካል። ከጎን ለሚመለከት ሰው ታዲያ ምን ይቀረዋል? ቀጫጭን ብረት፣ ጥቁር ጎማና የነጂው ሱሪ ነው። ሕግ አውጪዎችም ቢሆኑ አስቀድመው ያሰቡት ስለ ፊትና ስለ ኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተፈረመው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ብስክሌት ከፊት ነጭ ወይም ቢጫ መብራት፣ ከኋላ ቀይ መብራትና ቀይ አንጸባራቂ እንዲኖረው ይጠይቃል፤ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የጎን ነገር የለም። እንደ ጀርመን ያሉ አገሮች ግን በራሳቸው ሕግ ጎማው ላይ ወደ ጎን የሚታይ አንጸባራቂ እንዲኖር ያዝዛሉ።

2. ሒሳቡ ምን ይላል?

እስቲ በጥቁር ሰሌዳ ላይ መስቀለኛ መንገድ እንሣል። ባጃጁ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ይጓዛል እንበል፤ ይኸውም በሰከንድ 10 ሜትር ነው። ብስክሌቱ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 5 ሜትር ይሄዳል። ሁለቱ ከ3 ሰከንድ በኋላ የሚጋጩ ከሆነ፣ አሁን ባጃጁ ከመገናኛው 30 ሜትር፣ ብስክሌቱ ደግሞ 15 ሜትር ይርቃል። 2 ሰከንድ ሲቀር 20 እና 10 ሜትር፣ 1 ሰከንድ ሲቀር 10 እና 5 ሜትር ይሆናል። ርቀቱ እየቀነሰ ቢሄድም ንጽጽሩ አልተለወጠም። ስለሆነም ሹፌሩ ብስክሌቱን የሚያገኘው ከፊት ለፊቱ መስመር 27 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ነው፤ ይህም ማዕዘን እስከ መጨረሻይቱ ሰከንድ ድረስ ያው ነው።

ከዚህ ሁለት ክፉ ነገሮች ይከተላሉ።

ሀ/ የተሽከርካሪ መብራት ኃይሉን የሚያፈሰው ወደ ፊት ለፊት ነው። 27 ዲግሪ ወደ ጎን የሚደርሰው ትርፍራፊው ብርሃን ብቻ ነው። ስለዚህ ብስክሌተኛው እስከሚጋጭበት ቅጽበት ድረስ በጨለማው በኩል ሊቆይ ይችላል።

ለ/ ዐይናችን ቶሎ የሚሳበው ቦታውን በሚለዋውጥ ነገር ነው። ማዕዘኑ የማይለወጥ ነገር በመስተዋቱ ላይ እንደ ነጥብ ተተክሎ የቆመ ይመስላል፤ ሹፌሩም ልብ ሳይለው ያልፋል።

ለመቆምስ ስንት ሜትር ያስፈልጋል? ሹፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ 1.5 ሰከንድ ብንሰጠው 15 ሜትር ይጓዛል፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬኑ ይዞ እስኪያቆመው ደግሞ 8 ሜትር ያህል ይጨመራል። ድምሩ 23 ሜትር ነው፤ መንገዱ እርጥብ ሲሆን ከዚህም ይበልጣል። እንግዲህ እኛ ከመገናኛው 11 ሜትር ተኩል ያህል ርቀን ሳለን መታየት አለብን ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ቢያየን ለጩኸት እንጂ ለፍሬን አይደርስም።

3. የአንጸባራቂ ጠባይ

ባትሪ ይዞ ማታ የወጣ ሰው የጅብ ዐይን እንዴት እንደሚያበራ ያውቃል። ጅቡ የራሱ መብራት የለውም፤ ከዐይኑ በስተኋላ ያለው ገጽ የእኛኑ ብርሃን መልሶ ወደ እኛው ይልከዋል። እንግሊዛዊው ፐርሲ ሾው እ.ኤ.አ. በ1934 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት፣ አስፋልት ላይ የሚተከለው አንጸባራቂ «የድመት ዐይን» መባሉ በዚሁ ምክንያት ነው።

ነጭ ነጠላ የበራበትን ብርሃን በየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ ስለዚህ ከጥቁር ልብስ ይሻላል እንጂ ከሩቅ አይጣራም። ተራ መስተዋት ወይም የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ ደግሞ ብርሃኑን ወደ ሌላ ወገን ይወረውረዋል፤ በቀጥታ ካልተገጣጠመ በቀር ለሹፌሩ አይደርሰውም። የብስክሌት አንጸባራቂ ግን በውስጡ እንደ ክፍል ጥግ በሦስት ገጽ የተገናኙ ጥቃቅን ማዕዘኖች ስላሉት ብርሃኑን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1969 የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ ትተውት የመጡት የሌዘር መመለሻም የተሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

ሙከራ፦ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ጥቁር ጨርቅ፣ ነጭ ወረቀትና የአንጸባራቂ ቁራጭ ግድግዳ ላይ እንለጥፍ። ሃያ እርምጃ እንራቅና ባትሪውን ከጆሯችን አጠገብ ይዘን እናብራ። ጨርቁ አይታይም፤ ወረቀቱ ደብዘዝ ይላል፤ አንጸባራቂው ግን ይነድዳል። አሁን ባትሪውን ሳናንቀሳቅስ አንድ ጓደኛችን አምስት እርምጃ ወደ ጎን ራቅ ብሎ ይመልከት። «የቱ ጋ ነው የሚነድደው?» ብሎ ይጠይቀናል! ለእሱ አይነድድለትማ። በመጨረሻ ባትሪውን ከአንጸባራቂው ወደ ጎን እናዙረው፤ ያን ጊዜ ለእኛም ይጠፋል።

የትምህርቱ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ አንጸባራቂ የሚመልሰው ላበራበት ሰው ብቻ ነው። መንገዱን አቋርጠን በመሻገር ላይ ሳለን ከሩቅ ቀጥ ብሎ ለሚመጣ መኪና የጎን አንጸባራቂ ወደር የለውም። ከላይ እንዳሰላነው ሁለታችንም ወደ አንድ መገናኛ ስንሮጥ ግን ብርሃኑ በደንብ ስለማያርፍበት ብቻውን አያድነንም። እዚያ ላይ የሚያስፈልገን የራሳችን መብራትና የራሳችን ፍሬን ነው።

4. ምን እናድርግ?

ሀ/ ጎማው፦ በሁለቱም ጎማ ሽቦዎች መካከል ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚታይ አንጸባራቂ እንሰር፤ ወይም በቸርኬው ዙሪያ፣ ፍሬን የማይነካበት ቦታ ላይ፣ የአንጸባራቂ ፕላስተር እንለጥፍ። ሁለት የሚሽከረከሩ ክቦች ያየ ሹፌር «ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ ብስክሌት መሆኑን ወዲያው ያውቃል።

ለ/ ቁርጭምጭሚት፦ ፔዳል ላይ የሚገጠሙት አንጸባራቂዎች የሚያዩት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነው፤ ለጎን አይበቁም። ዙሪያውን የሚታይ አንጸባራቂ ማሰሪያ በሁለቱም ቁርጭምጭሚት ላይ እናድርግ። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጉናር ዮሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳየው፣ በሰው መገጣጠሚያዎች ላይ ብቻ የተደረጉ ጥቂት የብርሃን ነጥቦች ሲንቀሳቀሱ ተመልካች ወዲያው «ሰው ነው» ብሎ ይለያቸዋል። ከፍ ዝቅ የሚል እግር ደረት ላይ ካለ ከማይንቀሳቀስ ጥብጣብ ይልቅ ይናገራል። ማሰሪያው ሱሪያችንንም ከሰንሰለት ይጠብቅልናል።

ሐ/ መብራት፦ ስንገዛ ከፊት ብቻ ሳይሆን በጎኑም ብርሃን የሚያሳልፈውን እንምረጥ። ተጨማሪ ትንሽ መብራት ካገኘን ከብረቱ በታች አስረን ወደ መሬትና ወደ እግራችን እንድታበራ እናድርግ፤ ያን ጊዜ የሌላ ሰው መብራት ሳንጠብቅ ራሳችን እንታያለን። ከፊት ቀይ፣ ከኋላ ነጭ ማብራት ግን ሹፌሩን አቅጣጫ ያሳስተዋል። በዲናሞ የምንጠቀም ደግሞ ስንቆም መብራቱ እንደሚጠፋ አንርሳ።

መ/ ፍሬን፦ መገናኛ ላይ ከመድረሳችን በፊት ፍጥነታችንን በግማሽ እንቀንስ። የቅድሙን ሒሳብ መልሰን ብንሠራው ማዕዘኑ ከ27 ወደ 14 ዲግሪ ያህል ይወርዳል፤ ማለትም ወደ መብራቱ መሐል እንጠጋለን። ለመቆምም ጊዜ እናገኛለን። አንዲት የፍሬን ንክኪ ሁለት ጥቅም አላት።

ሠ/ ጽዳትና ጭነት፦ በክረምት ጭቃ የተለጠፈበት አንጸባራቂ ከሌለ አይቆጠርም፤ በእርጥብ ጨርቅ እንጥረገው። ጆንያ ወይም ጀሪካን ስንጭን የሸፈነው ነገር እንዳለ ዞር ብለን እንይ። ነጠላ ወይም ጋቢ የለበስን ደሞ ጫፉን ጠበቅ አድርገን እንሰር፤ ጎማ ውስጥ ከገባ ሌላ መዘዝ ነው።

5. ለክፍል ውይይት

ይህን ትምህርት ልምምድ ላይ ለማቅረብ የሚፈልግ ሠልጣኝ ሙከራውን በምሽት ሳይሆን መስኮቱ በተጋረደ ክፍል ሊሠራው ይችላል። ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች፦

1ኛ/ መብራቱን ሳያበራ የሚነዳ ሹፌር የእኛን አንጸባራቂ ያያልን? ለምን?
2ኛ/ ባጃጁ በሰከንድ 10 ሜትር፣ ብስክሌቱም በሰከንድ 10 ሜትር ቢጓዙ ማዕዘኑ ስንት ይሆናል? ለብስክሌተኛው ይሻለዋል ወይስ ይብስበታል?
3ኛ/ የእያንዳንዱ ተማሪ ብስክሌት ከጎን ሲታይ ምን ይጎድለዋል?

ጓደኛችን ክንዱ ድኖ ወደ ልምምድ ተመልሷል። ዕድለኛ ነው። ዛሬ ማታ ከግቢ ከመውጣታችን በፊት አንዳችን ብስክሌቱን በጎኑ እናቁመው፤ ሌላችን ባትሪ ይዘን ራቅ ብለን እንመልከተው። የማይታየን ነገር ካለ ሹፌሩም አያየውምና፣ ሳንሸፋፍን እንነጋገር፤ ነገ ሳንል ዛሬውኑ እናስተካክለው።